የበረዶ ሆኪው አምበልና ዘፋኟ

የፍቅር ልብ ወለድ ሲነሳ ፊቱን የሚያዞር አንባቢ ብዙ ነው። የኮሌጅ ስፖርተኞች ፍቅር ሲባል ደግሞ ይብሳል። ሽፋኑ ላይ ደረቱን የገለጠ ጎረምሳ፣ ውስጡ ሳይነበብ መጨረሻው የሚታወቅ ታሪክ፤ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ይህንን ነው። እኔ ግን ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን፣ ካናዳዊቷ ኤል ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመችውን «ዘ ዲል»ን፣ በቁም ነገር ላነሳው እፈልጋለሁ። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት መጽሐፉን ካስቀመጥኩት በኋላም አብረውኝ ሰንብተዋል። ለምን እንዲህ እንደያዙኝ ሳስብ የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፦ ጋሬትም ሃናም ከልጅነታቸው ጀምሮ በገዛ ሰውነታቸው ላይ ሌላ ሰው ያዘዘባቸው ልጆች ናቸው። ደራሲዋ በፍቅር ታሪክ ውስጥ የምትተርከው ያንን የተወሰደባቸውን ሥልጣን እንዴት እንዳስመለሱ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በፈተና ውጤት ነው። ጋሬት ግሬም በማሳቹሴትስ ግዛት ይገኛል በተባለ ብራየር በሚሰኝ የምናብ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪና የበረዶ ሆኪ ቡድን አምበል ነው። የሥነ ምግባር ፍልስፍና አጋማሽ ፈተና ወድቋል። በዚያ ክፍል ጥሩ ካመጡት ጥቂት ተማሪዎች አንዷ ሃና ዌልስ ናት፤ ሙዚቃ የምታጠና፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ በምግብ ቤት አስተናጋጅነት የምትሠራ፣ ከስፖርተኞች ጋር ጉዳይ የሌላት ልጅ። አስጠኚኝ ብሎ ይለምናታል፤ እምቢ ትለዋለች። መልሶ መላልሶ ይለምናታል። በመጨረሻ የሚስማሙት ሃና ልቧ የከጀለው ጀስቲን የተባለ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ስላለ ነው። እሷ ጋሬትን ታስጠናዋለች፤ እሱ ደግሞ አብሯት እየታየ ጀስቲን ዓይኑን እንዲጥልባት ያደርጋል። የውሸት ፍቅረኛ የመሆን ስምምነት በዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ውስጥ እጅግ የተለመደ ነውና ብዙ አላወራበትም። ከተለመደው ነገር በላይ የሚስበኝ ፈተናው ነው።

አንድ አምበል አንድ ትምህርት ቢወድቅ ምን ይመጣበታል ብሎ የሚገረም አንባቢ ይኖራል። በአሜሪካ ብዙ ይመጣበታል። አብዛኛው የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1906 በተመሠረተውና ዛሬ ኤንሲኤኤ ተብሎ በሚጠራው ማኅበር ነው። በማኅበሩ ከፍተኛ ምድብ የሚወዳደር ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር ለዲግሪው ከሚያስፈልገው ትምህርት 40 በመቶውን፣ አራተኛ ዓመቱን ሲጀምር 60 በመቶውን ጨርሶ መገኘት አለበት። አማካይ ውጤቱ ከተወሰነው በታች ከወረደ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሜዳ አይገባም። በውድድር ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ የሚል ደንብም አለ፤ ነገር ግን የጉዞ ሰዓት በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፣ ውድድር ያለበት ቀንም የቱንም ያህል ቢረዝም እንደ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ ጋሬት ሃናን የሚለማመጣት ጨንቆት ነው። የፍቅሩ መንገድ የተጠረገው በመተዳደሪያ ደንብ ነው ማለት ይቻላል፤ ደራሲዋም ይህን ስላወቀች ነው የልጁ ልመና ከእውነት የራቀ የማይመስለው።

የእህቴ ልጅ እዚሁ አሜሪካ በአንድ ኮሌጅ አገር አቋራጭ ትሮጣለች። ልጠይቃት በሄድኩበት ጊዜ ከአልጋዋ በላይ የተለጠፈውን የሳምንት ሰሌዳ አሳየችኝ። ልምምዱ በአረንጓዴ ተቀልሟል፣ ክፍል የምትገባበት በሰማያዊ፣ ስፖርተኞች ተቀምጠው እንዲያጠኑ የሚገደዱበት ሰዓት በቢጫ። ነጭ ሆኖ የቀረው እሑድ ከሰዓት በኋላ ያለው ጠባብ ቦታ ነበር። «አክስቴ፣ ነጩ ልብስ የማጥብበት ነው» አለችኝ። ሰሌዳውን እያየሁ እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ሰው ሰውን መቼ ይወዳል ብዬ አሰብኩ። መልሱ ቢጫው ላይ ነው። ለፍቅር የሚተርፍ ሰዓት ከሌለ ፍቅር የሚገባው በጥናት ሰዓት ውስጥ ነው፤ በእነዚህ ልብ ወለዶች ውስጥ አስጠኚና ተጠኚ የሚበዙትም ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ የልብ ወለድ ዓይነት አሜሪካ ውስጥ የበቀለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስፖርቱ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ይኖራል። አሠልጣኙ፣ መምህሩ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛውና ፍቅረኛዋ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው፤ ቅዳሜ ማታ ግብ ያገባው ልጅ ሰኞ ጠዋት አጠገብሽ ተቀምጦ ማስታወሻሽን ይለምንሻል። በእኛ አገር ሯጩም ኳስ ተጫዋቹም የክለብ ሰው ነው። መቻል፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ እያልን የምንጠራቸው ክለቦች ቀጥረው፣ ካምፕ አስገብተው፣ ደሞዝ ከፍለው ያሠለጥኑታል፤ ከመማሪያ ክፍል ጋር የሚያገናኘው መንገድ ቀጭን ነው። የካምፑ ሕይወት የራሱን የፍቅር ታሪክ ሊሰጥ እንደሚችል አልጠራጠርም፤ ጽፎ የሚያስነብበኝ ቢገኝ ደስ ይለኛል። ግን ያ ታሪክ ሌላ ቅርጽ ይኖረዋል።

አማርኛ አንባቢ አስጠኚና ተጠኚ ሲባል ወዲያው የሚመጡለት ሰዎች አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ ወደ ሰብለ ወንጌል የሚቀርበው በማስተማር ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ለአንድ የድኻ ልጅ የሚከፈተው በፊደል በኩል ብቻ ነበር። እኔ ግን «ዘ ዲል»ን ሳነብ በዛብህን ያስታወሰኝ ማስተማሩ ብቻ አይደለም፤ ስለቱ ጭምር ነው። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው። ሳይጠየቅ ተሰጥቷል፤ አድጎ ሰው ሲወድ ሰውነቱ የራሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ጋሬትም እንዲሁ የተሳሉት ልጅ ነው። ልዩነቱ ስለቱ ለሆኪ መሆኑና ስለቱን ያደረገው አባቱም ፍቅር የማያውቅ መሆኑ ነው።

ፊል ግሬም፣ የጋሬት አባት፣ በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ ስሙ የገነነ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። ልጁ መራመድ ሲጀምር ጀምሮ በረዶ ላይ አቁሞታል። ውጭ ላለው ሰው ታላቅ ስፖርተኛና ጥሩ አባት ነው፤ ቤት ውስጥ ሚስቱን ይደበድባል፣ ልጁንም ይደበድባል። እናትየው ጋሬት ገና ልጅ ሳለ በካንሰር ሞታለች። ዱላው የቆመው ልጁ ቁመቱ ከፍ ብሎ መመከት ሲችል ነው። ጋሬት ታዲያ የሚጠላው ሰው በሰጠው ነገር ጎበዝ ሆኖ አደገ፤ ይባስ ብሎም ሆኪን ከልቡ ይወዳል። ይህ ለእኔ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የከበደው ነው። አባቱን ሊያስቀይም ሆኪን መተው ይችል ነበር፤ ግን ሆኪ የእሱም ነው። የምትወደው ነገር ከምትጠላው ሰው እጅ የመጣ ሲሆን ምን ታደርጋለህ? ደራሲዋ ለዚህ ቀላል መልስ አልሰጠችም። ጋሬት እያንዳንዱን ጨዋታ ይጫወታል፣ አባቱ መቀመጫው ላይ መኖሩን ያውቃል፣ ቀና ብሎ ላለማየት ይታገላል።

ይህን በደንብ የገባኝ ቦስተን ውስጥ የኮሌጅ ሆኪ ለማየት በሄድኩ ጊዜ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ቢንፖት የሚባል ውድድር አለ፤ ቦስተን ኮሌጅ፣ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሃርቫርድና ኖርዝኢስተርን በየዓመቱ የካቲት ላይ ይገናኙበታል። ቅዝቃዜው ከእግር ይጀምርና ወደ ጉልበት ይወጣል። እንደ ኳስ የሚመታው የጎማ ፓክ አጥሩን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ በቴሌቪዥን ከሚሰማው ጋር አይመሳሰልም፤ ደረት ውስጥ ይገባል። ተጫዋቾቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው ይቀያየራሉ፤ በአጥሩ ላይ ዘለው ሲገቡ ሌሎቹ እያለከለኩ ይወጣሉ። የኮሌጅ ተጫዋቾች እንደ ባለሙያዎቹ ፊታቸው ክፍት አይደለም፣ ሙሉ ፊትን የሚሸፍን መከላከያ ማድረግ ግዴታቸው ነው፤ ስለዚህ ማን እንደተናደደ፣ ማን እንደፈራ ከውጭ ሆነህ አታውቅም። ከጨዋታው በፊት ሲያሟሙቁ አንድ ሰውዬ ከፊት ረድፍ ተነስቶ መስታወቱን በመዳፉ እየደበደበ «ራስህን ቀና አድርግ! ራስህን ቀና!» እያለ ይጮህ ነበር። ልጁ ከእሱ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ጊዜም አልዞረም። ሰውዬው ክፉ ነው አልልም፤ ምናልባት የልጁን አንገት ከግጭት ለመጠበቅ የሚጨነቅ አባት ነው። ግን ያ ያልዞረ ራስ ስለ ጋሬት ብዙ ነገር ነገረኝ።

ወደ ሃና ልመለስ። ሃና በአሥራ አምስት ዓመቷ አንድ ግብዣ ላይ መጠጧ ውስጥ መድኃኒት ተጨምሮባት ተደፍራለች። የደፈራት ልጅ ቤተሰብ በትንሿ ከተማቸው ጉልበት ነበረው፤ ጓደኞቹም በሐሰት መሰከሩለት። ልጁ ሳይቀጣ ቀረ፤ የተቀጡት ሃናና ወላጆቿ ናቸው። ለጠበቃ ያወጡት ገንዘብ ዕዳ ውስጥ ከትቷቸዋል፣ ከተማው አግልሏቸዋል፣ ሃናም ወደዚያ ላለመመለስ ወስናለች። ደራሲዋ ይህን ሁሉ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ታሳውቀናለች፤ ምስጢር አድርጋ ለማስደንገጫ አላስቀመጠችውም። ይህን ምርጫዋን እወደዋለሁ። አንባቢው «ምን ደርሶባት ይሆን?» እያለ አይጎመዥም፤ ከመጀመሪያው አንስቶ የሚጠይቀው «አሁን እንዴት ትኖራለች?» የሚለውን ነው።

ሃና የምትኖረው መጠጧን እየጠበቀች ነው። ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ብርጭቆ አትቀበልም፣ ግብዣ ላይ ዘና አትልም። በኋላ ጋሬትን ትጠይቀዋለች፦ እኔ ስጠጣ አንተ ትጠብቀኛለህ ወይ? ይህ ለእኔ የመጽሐፉ እውነተኛ የፍቅር መግለጫ ነው። ከመሳሙ ይበልጣል። አምበሉ፣ ሴቶች የሚከተሉት ልጅ፣ ሌላው ሲጨፍር አንዲት ብርጭቆ ላይ ዓይኑን ተክሎ ያመሻል። ምንም ነገር አይሆንም፤ ማንም አይጣላም፤ ሃና ስትስቅ፣ ሞቅ ሲላት፣ በሰላም ወደ ቤት ስትመለስ ብቻ እናያለን። ሌላዋ ልጅ በየሳምንቱ እንደ ዋዛ የምታገኘውን ምሽት ሃና ከስንት ዓመት በኋላ አገኘችው።

ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው ይበልጥ ከባድ ነው። ሃና ከቀድሞ ፍቅረኛዋ ጋር በነበራት ግንኙነት ሰውነቷ እንዳልታዘዛት፣ የሆነ ነገር ውስጧ ተሰብሮ እንደቀረ ታምናለች። ጋሬትን ስለምታምነው ይህ እውነት መሆን አለመሆኑን እንድታውቅ እንዲረዳት ትጠይቀዋለች። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ መጽሐፉን በአሳፋሪነት ይከሰዋል፤ እኔ ግን አልስማማም። እነዚህ ትዕይንቶች የተጻፉት ማን ምን እንደሚፈልግ በግልጽ እየተጠየቀ ነው። ጋሬት ይጠብቃል፤ አቁም ስትለው ያቆማል፤ አልሆነልኝም ስትለው አይከፋም፣ አይቸኩልም። ፍጥነቱን የምትወስነው እሷ ናት። እናቶቻችንም እኛም ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ሳንነጋገር አድገናል። «እሺ» ማለትና «እምቢ» ማለት እንዴት እንደሚነገር፣ ሲነገርም እንዴት እንደሚሰማ የሚያሳይ ነገር አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ከልብ ወለድ ብታገኝ እኔ ደስ ይለኛል።

ደራሲዋ ምዕራፎቹን ለሁለቱ አከፋፍላለች፤ አንዱን ሃና በራሷ አንደበት ትተርካለች፣ ሌላውን ጋሬት። ይህ አተራረክ በዚህ ዓይነት መጽሐፍ የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ሥራ ይሠራል። ጋሬት ሃና ፊት ሲቀልድ ውስጡ ምን እንደሚያስብ እናውቃለን፤ ሃናም ስትቆጣው መፍራቷን እናውቃለን። በፈረቃ የሚናገሩ ሰዎች አንዳቸው ሌላውን በስህተት ሲያነቡ አንባቢው ብቻ ሁለቱንም ይሰማል። በበረዶው ላይ በመከላከያ የተሸፈነው ፊት በወረቀቱ ላይ ይገለጣል።

በዙሪያቸው ያሉት ሰዎችም እንዲሁ ለማስዋቢያ የተቀመጡ አይደሉም። ጋሬት ከሎጋን፣ ከዲንና ከታከር ጋር አንድ ቤት ይኖራል። ታከር ምግብ ያበስላል፤ ዲን ሀብታም ቤት ያደገ፣ ለመሳቅና ለመጫወት የተፈጠረ የሚመስል ልጅ ነው፤ ሎጋን ደግሞ የጋሬት የልብ ጓደኛ ሆኖ ሳለ ዓይኑ ሃና ላይ ያርፋል። በዚህ ቦታ ሌላ ደራሲ ቢሆን ጠብ ይፈጥር ነበር። ኬኔዲ ግን ሎጋን ዝም ብሎ እንዲያፍር፣ እንዲሸሽ፣ ጓደኛውን እንዲመርጥ አደረገች። «ዘ ዲል»ን ተከትሎ በመጣው በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ሎጋን ራሱ የሚደርስበት ነገር አለ፦ የተመኘው ሃናን ሳይሆን ሃናና ጋሬት ያላቸውን ነገር ነበር። ይህን ሳነብ ሎጋንን የበለጠ ወደድኩት። እሱም የተሳሉት ልጅ ነው። አባቱ ሰካራም ነው፤ የቤተሰቡን የመኪና ጥገና ቤት ታላቅ ወንድሙ እየሠራ ሎጋን እንዲማር ተስማምተዋል፤ ሲመረቅ ሎጋን ሆኪውን ትቶ ይመለሳል፣ ወንድሙ ደግሞ ይሄዳል። ወንድማማቾች በአንድ ሕይወት ተራ ይዘዋል ማለት ነው። ደራሲዋ አንድን ሐሳብ በዋናው ሰው ላይ ብቻ ሳትተወው በጓደኛውም ላይ በሌላ ገጽ ስታሳየው አያለሁ፤ ይህ የሚመጣው ከጥሩ ጸሐፊ ብቻ ነው።

የሃና ጓደኛ አሊ ተዋናይት ለመሆን የምታጠና ልጅ ናት፤ የራሷን ታሪክ በሦስተኛው መጽሐፍ ታገኛለች። ጀስቲን ግን፣ ስምምነቱ ሁሉ በእሱ ምክንያት የተደረገው ልጅ፣ እስከ መጨረሻው ቀጭን ጥላ ሆኖ ይቀራል። አንባቢ እንዳይወደው ተብሎ የተሳለ ይመስላል። እውነተኛ ተፎካካሪ ቢሆን ኖሮ የሃና ምርጫ የበለጠ ይከብድ ነበር፤ ሲከብድም ያምር ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ የምቃወመው ዋናው ነገር ግን ቡጢው ነው። ጋሬት ከተቃራኒ ቡድን ተጫዋቾች አንዱ በሃና ላይ በሐሰት ከመሰከሩት መሆኑን ያውቃል፤ በበረዶው ሜዳ ላይ ይመታዋል። በኮሌጅ ሆኪ ቡጢ ቀላል ነገር አይደለም። በባለሙያዎቹ ሊግ ሁለት ሰው ቢደባደብ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይመለሳል፤ በኮሌጅ ግን ከጨዋታው ይባረራል፣ ቀጣዩንም ያልፈዋል። ጋሬትም ይቀጣል። መጽሐፉ ግን ቅጣቱን የፍቅር ዋጋ አድርጎ ያሳየናል፤ አንባቢው እንዲያጨበጭብ ይፈልጋል። የእኔ እጅ ግን አልተነሳም። በቡጢ ያደገ ልጅ፣ የአባቱ እጅ በእጁ ውስጥ እንዳለ የሚፈራ ልጅ፣ በንዴት ሰው ሲመታ ልናዝንለትና ልንሰጋለት ይገባ ነበር። ሃና ፍትሕ ተነፍጋለች፤ ያ እውነት ነው። ግን ፍትሑ የእሷ ነበር። ማንም ሳይጠይቃት በስሟ ሲመታላት አንድ ነገር እንደገና ከእጇ ወጥቷል። ኬኔዲ ይህን ጥያቄ በጨረፍታ ብቻ ነክታው ታልፋለች፤ እኔ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንድትሰጠው እፈልግ ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት አሜሪካውያን ከቤተሰብ ጋር በሚያከብሩት በምስጋና ቀን በዓል ይገኛል። ሃና ጋሬትን ተከትላ ወደ አባቱ ቤት ትሄዳለች። ፊል ግሬም አዲስ የሴት ጓደኛ አለችው፤ ትሁት፣ ቶሎ ቶሎ የምትንቀሳቀስ፣ ፈገግታዋ ከፊቷ የማይጠፋ ሴት። ሃና ሴትዮዋ ምን እየደረሰባት እንዳለ ትረዳለች። የምታየው ጥቂት ነገር ነው፦ የእጅ አያያዝ፣ የሰውነት መሸማቀቅ። ጋሬት ልጅ ሳለ ያየውን ነገር ሃና እንደ እንግዳ ገብታ ታየዋለች። ከዚያ በኋላ ጋሬት ምንም ማብራራት አያስፈልገውም። ሁለት የተጎዱ ሰዎች አንዱ ለሌላው ታሪኩን ከመንገር ይልቅ ቤቱን ማሳየቱ፣ ይህን ያህል በጥቂት ቃል መጻፉ፣ የደራሲዋን አቅም ያሳየኛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እመጣለሁ፤ ምክንያቱም የታሪኩ መጨረሻ የሚንጠለጠለው በእሱ ነው። የጋሬትን የትምህርትና የኑሮ ወጪ የሚከፍለው አባቱ ነው። ፊል ሃናን ለብቻዋ ያገኛትና ልጁን ካልተወችው ክፍያውን እንደሚያቆም ያስፈራራታል። የዛሬ አንባቢ፣ በተለይ ወጣቱ፣ እዚህ ላይ ቆም ይላል፤ አንድ ዝነኛ አምበል በራሱ ስም ገንዘብ ማግኘት እንዴት ያቅተዋል? መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ግን ያቅተው ነበር። የኮሌጅ ስፖርተኛ ስሙንና ምስሉን ሸጦ እንዲጠቀም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ የሚፈቅደው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ የጸደቀው በ2025 ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ትምህርት ቤት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ እንዲያከፋፍል ተፈቅዷል። ጋሬት ግን የነበረው አርማው በተማሪው ሁሉ ደረት ላይ እየተሸጠ እሱ ከዚያ አንድ ሳንቲም በማይነካበት ዘመን ነው። ለዚህ ነው የአባቱ ገንዘብ አጭር ገመድ የሆነው። ከ2021 በኋላ የሚጻፍ ተመሳሳይ ታሪክ ክፉ አባት ቢፈልግ ሌላ መሣሪያ ሊሰጠው ይገባል።

ሃና ማስፈራሪያውን ትሰማለች፣ ታምናለች፣ ጋሬትን ትተወዋለች። እውነቱን አትነግረውም። ሌላ ሰው ማየት እፈልጋለሁ፣ እንዲህ ባለ ፍቅር ለመታሰር አልተዘጋጀሁም ትለዋለች። በዚህ ምዕራፍ ብዙ አንባቢ ያለቅሳል፤ መሥዋዕትነቷን ያደንቃል። እኔ ግን ደጋግሜ ሳነበው ከሃና ጋር ተከራክሬያለሁ። የምወዳት ልጅ ስለሆነች ነው የምከራከራት። እሷ ራሷ ያለ ፈቃዷ ሌላ ሰው በወሰነባት ነገር ስንት ዓመት ተሰቃይታለች። እሱ ደግሞ መቼ እንደሚነቃ፣ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚሆን አባቱ ሲወስንለት ኖሯል። አሁን የምትወደው ሴት ልጅ ስለ እሱ ሕይወት፣ ስለ እሱ ገንዘብ፣ ስለ እሱ ሆኪ ሳትጠይቀው ትወስናለች። ከፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። የፊል ግሬም ውሳኔም ከውጭ ላየው ሰው ለልጁ ከማሰብ የመጣ ይመስል ነበር።

ደራሲዋ ይህን የምታውቅ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጋሬት እውነቱን ሲደርስበት የሚከፋው ሃና ስለተወችው ብቻ አይደለም፤ ስላላማከረችውም ጭምር ነው። ሲወለድ ጀምሮ ያልተጠየቀው ልጅ በመጨረሻ ጠይቂኝ ይላታል። አባቱ ከሚከፍለው ገንዘብ ውጪ መንገድ እንዳለ ይነግራታል፤ ከእናቱ ወገን የተቀመጠለት ነገር አለ፤ እሱም ባይኖር ተበድሮ እማራለሁ ይላል። ማስፈራሪያው ቀድሞ ቢነገረው ኖሮ ያን ሁሉ ሳምንት መለያየት አያስፈልግም ነበር። ሃና ዝም ብላ ታዳምጠዋለች፤ ከዚያም ይቅርታ ትጠይቀዋለች፤ ጋሬት ደግሞ ይቅርታዋን ከመቀበሉ በፊት ሌላ ጊዜ እንደዚህ ያለ ነገር ቢመጣ መጀመሪያ ለእሱ እንድትነግረው ቃል ያስገባታል።